አምስት ግቢ ያለው ዩኒቨርሲቲ

ጠዋት ከላፍቶ ተነስቶ በመካኒሳና በሳር ቤት በኩል ወደ ሜክሲኮ በሚወጣ ታክሲ የተሳፈረ ሰው የአፍሪካ ኅብረትን ማማ ሳያይ አይወርድም። ማማው 99.9 ሜትር ቁመት አለው። ቁጥሩ ኅብረቱን ለመመሥረት በሲርት ከተማ ውሳኔ የተላለፈበትን ቀን፣ እ.ኤ.አ. 9/9/1999ን፣ እንዲያስታውስ ተብሎ የተመረጠ ነው። ከሥሩ 2,500 ሰው የሚይዝ አዳራሽ አለ። ቦታው ቀድሞ «ዓለም በቃኝ» የተባለው ወህኒ ቤት የነበረበት መሆኑን ዕድሜያቸው ገፋ ያለ የከተማው ሰዎች አይረሱትም።

ብዙው መንገደኛ የማያውቀው ግን ከዚህ ቅጥር አንድ ዩኒቨርሲቲ መወለዱን ነው። ታኅሣሥ 4 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ አዲሱ ሕንፃ ሊመረቅ ወር ከግማሽ ሲቀረው፣ የአፍሪካ ኅብረት «ፓን አፍሪካን ዩኒቨርሲቲ» የተባለ የድኅረ ምረቃ ተቋም አዲስ አበባ ላይ ይፋ አደረገ። ተቋሙ የሚያስተምረው ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዲግሪ ብቻ ነው። ተማሪዎቹን ከመላው አፍሪካ አወዳድሮ ይመርጣል፤ ለተመረጡትም ነፃ የትምህርት ዕድል ይሰጣል።

አዲስ አበባ ውስጥ ግን አንድም የመማሪያ ክፍል፣ አንድም ዶርም የለውም። ክፍሎቹ ኬንያ ጁጃ፣ ናይጄሪያ ኢባዳን፣ ካሜሩን ያውንዴ፣ አልጄሪያ ትሌምሴን እና ደቡብ አፍሪካ ኬፕ ታውን ናቸው። የሬክተሩ ጽሕፈት ቤት እንኳ መጀመሪያ አዲስ አበባ ከቆየ በኋላ ወደ ያውንዴ ሄዷል።

በእኛ አገር ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲመደብ «ግቢ ገባ» ይባላል። ጎረቤትም ስለ ትምህርት ክፍሉ ከማንሳቱ በፊት የሚጠይቀው «ግቢው እንዴት ነው? ውኃ አለው? ዶርም ስንት ሆናችሁ ነው የምታድሩት?» ብሎ ነው። አማርኛ ተማሪ ቤቱን የሚጠራው በአጥሩ፣ በበሩና በአልጋው ነው። ይህ አጠራር ለመጀመሪያ ዲግሪ እውነት ከሆነ ለድኅረ ምረቃ እጥፍ እውነት ነው። አንድ ዩኒቨርሲቲ በአምስት አገር አምስት ግቢ ሲኖረው ደግሞ፣ በወረቀት ላይ አንድ ዓይነት የሆነው ዲግሪ በተግባር የሚለያየው በግቢው ነው።

ላፍቶ፣ ለቡ፣ ጀሞ ወይም መካኒሳ የሚኖር፣ የመጀመሪያ ዲግሪውን ጨርሶ ቀጣዩን የሚያስብ ወጣት በየዋና መንገዱ የሚያየው ሌላ ዓይነት ግቢ ነው፤ ከታች ባንክና ካፌ፣ ከመሃል ክሊኒክና የሕግ ቢሮ፣ ከላይ ኮሌጅ። ማታ ከሥራ መልስ ለሚማር ሠራተኛ ይህ ትልቅ አገልግሎት ነው፤ ማቃለል አይገባም። የንግድ አስተዳደር ወይም የሂሳብ ሥራ ማስተርስ በወንበር፣ በነጭ ሰሌዳና በጥሩ መምህር ሊሰጥ ይችላል። የውኃ ምህንድስና፣ የእፅዋት ማዳቀል ወይም የሞለኪውል ባዮሎጂ ግን በሦስተኛ ፎቅ ኪራይ ክፍል አይሰጥም። በዚያው በመካኒሳ የሚገኘው የመካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ ልዩነቱን በዓይን ያሳያል፤ መማሪያው፣ ቤተ መጻሕፍቱና የጸሎት ቤቱ በአንድ አጥር ውስጥ ናቸው። ከዚህ ግቢ አጠገብ የሚኖር ሰው በግቢና በፎቅ መካከል ያለውን ርቀት ያለ ማብራሪያ ያውቀዋል።

የድኅረ ምረቃ ተማሪ ከክፍል ይልቅ የሚያስፈልገው ምንድን ነው? የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሲያስተምሩት ይማራል፤ ሁለተኛና ሦስተኛ ዲግሪ ላይ ተማሪው ራሱ ጥያቄ ያነሳል፤ መልሱንም ፈልጎ ያመጣል። ስለዚህ የግቢው ሰዓት ይለወጣል። ቤተ ሙከራ ውስጥ የተዘራ ባክቴሪያ ቅዳሜና እሑድ አያውቅም፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መታየት ካለበት መታየት አለበት። ስለዚህ ዶርሙ ለቤተ ሙከራው ቅርብ፣ መንገዱም መብራት ያለው፣ በተለይ ለሴት ተማሪ ሌሊት የሚያስኬድ መሆን አለበት። የደም ወይም የዘረመል ናሙና የሚቀመጥበት ማቀዝቀዣ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ላይ መቆየት ይኖርበታል። መብራት ሄዶ ጄነሬተሩ ባይነሳ፣ የሁለት ዓመት ልፋት በአንድ ቀን ይቀልጣል። ማሽኑን ከማስመጣትም በላይ የሚከብደው ሲበላሽ የሚጠግነው ቴክኒሻን ማግኘት ነው፤ ሳጥኑ ሳይከፈት ዋስትናው ያለቀ መሣሪያ ያየ ተመራማሪ ሁሉ ይህን ያውቃል።

ከዚያ ወጥ ቤት ይመጣል። ከ20 አገር የመጡ ሰዎች አንድ ዓይነት ምግብ ሁለት ዓመት በልተው አይኖሩም።

የፓን አፍሪካን ዩኒቨርሲቲ አሠራር በአንድ ሐሳብ ላይ ቆሟል፤ ባዶ ሜዳ ላይ አዲስ ግቢ ከመገንባት፣ በየቀጣናው የታወቀ ነባር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መግባት። አፍሪካ በአምስት ቀጣና ተከፈለች፤ ለእያንዳንዱ ቀጣና አንድ የትምህርት ዘርፍ ተሰጠው። አስተናጋጁ አገር ቦታና ሕንፃ ያቀርባል፤ ከአፍሪካ ውጭ ያለ አጋር መንግሥት በመሣሪያና በባለሙያ ይረዳል፤ ኅብረቱ ተማሪውንና የትምህርት ወጪውን ይይዛል። የምሥራቁ ድርሻ መሠረታዊ ሳይንስ፣ ቴክኖሎጂና ፈጠራ ሆኖ ለኬንያ ደረሰ። የኅብረቱ መቀመጫ የሆነችው ኢትዮጵያ ግቢ አላገኘችም፤ ልጆቿ ግን እንደማንኛውም አፍሪካዊ ተወዳድረው ይገባሉ። የየትም ዘርፍ ተማሪ ቢሆን የአፍሪካን አጠቃላይ ታሪክ በጋራ ኮርስነት ይወስዳል። መሐንዲሱም ስለ አክሱም፣ ስለ ማሊና ስለ ዚምባብዌ ሳይማር አይመረቅም ማለት ነው። ሐሳቡ የሚያስመሰግን ነው።

ጁጃ ከናይሮቢ 36 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በቲካ መንገድ ላይ ትገኛለች። አስተናጋጁ የጆሞ ኬንያታ የግብርናና የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ነው። መሬቱን፣ 200 ሄክታር የእርሻ ቦታ፣ እ.ኤ.አ. በ1977 የሰጡት ራሳቸው ፕሬዚዳንት ኬንያታ ሲሆኑ፣ በ1981 በጃፓን መንግሥት ድጋፍ በኮሌጅ ደረጃ ሥራ ጀመረ። የጃፓን እጅ ከዚያ ወዲህ አልተለየውም። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ «አፍሪካ አይ ጃፓን» በተባለው ፕሮጀክት ለቤተ ሙከራዎችና ለሥራ ክፍሎች መሣሪያ ገብቷል፤ የፓን አፍሪካን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ተጠቃሚ ናቸው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። አንድ አጋር አንድን ግቢ 40 ዓመት ሙሉ ሲከታተል መሣሪያው መለዋወጫ ያገኛል፤ የሚጠግነው ሰው ይሠለጥናል፤ የሠለጠነውም ተተኪ ያሠለጥናል። ለሁለት ዓመት መጥቶ፣ ሪባን ቆርጦ፣ ፎቶ ተነስቶ የሚሄድ እርዳታ ይህን አያደርግም።

ከጁጃ ግቢ በር ውጭ ያለው ከተማ ኑሮው በተማሪ ኪራይ ላይ የተመሠረተ ነው። በሩን ሲወጡ የሚታየው ለተማሪ የሚከራይ ፎቅ፣ ፎቶ ኮፒ ቤትና ምግብ ቤት ነው። ለኢትዮጵያዊ ተማሪ ግን የጁጃ ትልቁ ስጦታ ናይሮቢ ናት፤ እንጀራ ያለባት ከተማ። በከተማዋ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ብዙ ናቸው፤ ኢስትሊ በተባለው ሰፈር ደግሞ የኢትዮጵያ ልጆች ሱቅ ከፍተው ይነግዳሉ። ቅዳሜ ማታ ሽሮ በልቶ ሰኞ ቤተ ሙከራ መግባት ትንሽ ነገር አይደለም። ከአገር የወጣ ሰው ያውቀዋል።

ኢባዳን ሌላ ዓለም ነው። የኢባዳን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1948 ሲከፈት የለንደን ዩኒቨርሲቲ ቅርንጫፍ ኮሌጅ ነበር፤ መጀመሪያም የተቀመጠው ወታደሮች ለቀውት በሄዱት የጦር ሆስፒታል ውስጥ ነው። ዎሌ ሾይንካና ቺንዋ አቼቤ የተማሩበት ግቢ ይህ ነው። ቋሚውን ግቢ የነደፉት ማክስዌል ፍራይና ጄን ድሩ የተባሉ እንግሊዛውያን ባልና ሚስት አርክቴክቶች ነበሩ። የገጠማቸው ጥያቄ ሙቀቱና ወበቁ ነበር፤ ያን ጊዜ ደግሞ በየክፍሉ አየር ማቀዝቀዣ ማስገባት የሚታሰብ አልነበረም። መልሳቸው ቀጭን ሕንፃ ነው። ዶርሞቹን አንድ ክፍል ውፍረት ብቻ እንዲኖራቸው አድርገው በረጅሙ ዘረጓቸው፤ ነፋስ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው እንዲወጣ። ፀሐይ የሚመታውን ጎን በበረንዳ ሸፈኑት፤ ግድግዳውን ደግሞ በፈርጥ በፈርጡ በተበሳ ሲሚንቶ ሠሩት፤ ብርሃኑ ተበጣጥሶ፣ ነፋሱ ግን ሳይከለከል እንዲገባ። ከተሠሩ 70 ዓመት ሊሞላቸው የተቃረበ፣ አንዳንዶቹም ያለፋቸው እነዚህ ሕንፃዎች አሁንም ተማሪ ያድርባቸዋል።

ይህን ማንሳት ያለ ምክንያት አይደለም። በአገራችን ቆላ ከተሞች የተከፈቱ ዩኒቨርሲቲዎችን ያየ ሰው ለአዲስ አበባ ብርድ የተነደፈ የሚመስል ወፍራም፣ መስኮቱ ጠባብ ሕንፃ በ38 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ ቆሞ ያገኛል። ተማሪው ፍራሹን አውጥቶ ደጅ ያድራል። ለአየር ጠባይ የሚስማማ ሕንፃ የሀብታም አገር ቅንጦት እንዳልሆነ ኢባዳን ከነድህነቱ ዘመን ጀምሮ አሳይቷል።

ኢባዳን ውስጥ የሚሰጠው የሕይወትና የመሬት ሳይንስ ነው፤ ጤናና ግብርናም በዚያው ውስጥ ይጠቃለላሉ። እፅዋት ማዳቀል የሚማር ሰው ሌላ ዕድልም አለው። እ.ኤ.አ. በ1967 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የትሮፒካል ግብርና ምርምር ተቋም ዋና መሥሪያ ቤቱ በዚያው ከተማ ነው፤ ግቢው 1,000 ሄክታር ይሰፋል። ካሳቫ፣ ቦዬና የላም አተር የሚመረመርበት፣ የዘር ባንክ ያለበት ግቢ ነው። የዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ በማይበቃበት ጊዜ እንዲህ ያለ ጎረቤት መኖሩ ስንት እንደሚያግዝ የሚያውቀው የጀመረውን ሙከራ የሚጨርስበት ቦታ ያጣ ተማሪ ነው። የኢባዳን ችግር መብራት ነው። የናይጄሪያ ኤሌክትሪክ ሲበዛ ይጠፋል፤ የጄነሬተር ድምፅ የከተማው የዘወትር ድምፅ ነው። የነዳጅ ዋጋ በጨመረ ቁጥር የቤተ ሙከራው ወጪ አብሮ ይጨምራል።

የካሜሩኑ ተቋም የሚያስተምረው አስተዳደር፣ ሥነ ሰብዕና ማኅበራዊ ሳይንስ ነው። መቀመጫው የቀድሞው የያውንዴ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1993 ለሁለት ሲከፈል የተወለደው ያውንዴ ሁለት ነው፤ ግቢው ከከተማዋ ወጣ ብላ ባለችው ሶዋ ይገኛል። የትርጉምና የአስተርጓሚነት ትምህርቱ ግን ቡዌያ በተባለች ሌላ ከተማ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ በሚረዝመው የካሜሩን ተራራ ሥር ነው የተቋቋመው። አስተርጓሚ የሚወጣበት ክፍል የራሱ ጠባይ አለው። ድምፅ የማያስገባና የማያስወጣ የመስታወት ዳስ፣ ጆሮ ማዳመጫ፣ ማይክሮፎን፣ ሁለት ሰው ተቀምጦ በየ20 ወይም በየ30 ደቂቃው የሚቀያየርበት ወንበር። ሳር ቤት ማዶ ያለው ኅብረት ያለ አስተርጓሚ ስብሰባ ሊከፍት አይችልምና፣ ከአምስቱ ግቢዎች ሁሉ ለባለቤቱ ቤት ሥራ የሚጠቅም ባለሙያ የሚወጣው ከዚህ ዳስ ነው።

ትሌምሴን ትለያለች። ከ13ኛው እስከ 16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የዘያኒድ ሥርወ መንግሥት ዋና ከተማ የነበረች፣ ለሞሮኮ ድንበር የቀረበች፣ ከአልጀርስ 500 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቅ ደጋማ ከተማ ናት። የውኃና የኃይል ሳይንስ ተቋሙ እዚያ ትምህርት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው፤ አጋሩ ጀርመን ነው። አስተናጋጁ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1995 በተገደሉት በቀድሞው ሚኒስትር በአቡበክር በልካይድ ስም ይጠራል። የኢትዮጵያ ወጣት ውኃና ኃይልን ሊማር ሰሃራ በረሃን ተሻግሮ ሜዲትራኒያን አጠገብ መሄዱ መጀመሪያ ሲሰሙት ሊያስገርም ይችላል፤ ዓባይ ያለው እኛ ዘንድ ነው። ግን አልጄሪያ የውኃን ጥያቄ የምታውቀው ከእጥረት በኩል ነው፤ የባሕር ውኃ አጣርታ ትጠጣለች። የፀሐይ ኃይልም ከበረሃው በላይ የትም አይማሩትም።

በአልጄሪያ የዶርምና የመብል ቤት ነገር ከሌላው አፍሪካ የተለየ ሥርዓት አለው። ከነዳጅ ገቢ የሚደጎም ነው። የአገሬው ተማሪ በዩኒቨርሲቲ ምግብ ቤት ለአንድ ጊዜ ምግብ ለረጅም ዓመታት ሲከፍል የኖረው 1 ዲናር ከ20 ሳንቲም ነው፤ ስም ብቻ የሆነ ዋጋ። ዳቦው ፈረንሳይኛ፣ ኩስኩሱ አረብኛ ነው። ከተማው የሚናገረውም እነዚህን ሁለት ነው። ክፍል ውስጥ በእንግሊዝኛ የሚማር ሰው ሱቅ፣ ታክሲና ክሊኒክ ሲሄድ ሌላ ቋንቋ ይጠብቀዋል። ከላፍቶ የሚሄድ ተማሪ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ፈረንሳይኛ መማር ቢጀምር ራሱን ያግዛል።

ኬፕ ታውን የመጨረሻዋ ናት። የጠፈር ሳይንስ ድርሻው ለደቡብ ቀጣና ተሰጥቶ ሥራ እስኪጀምር ከሌሎቹ ሁሉ ዘግይቷል። አስተናጋጁ የኬፕ ፔኒንሱላ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2005 ሁለት ነባር ቴክኒክ ተቋማት ተዋህደው የተመሠረተ ነው። ይህ ዩኒቨርሲቲ ለጠፈር የታጨው በከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2013 ተማሪዎቹ የሠሩት፣ 1.2 ኪሎ ግራም ብቻ የሚመዝን ሳተላይት ወደ ምኅዋር ወጥቷል። ከስኳር ከረጢት የማይከብድ ሳተላይት! ኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይቷን ከቻይና ያመጠቀችው ከዚያ ስድስት ዓመት በኋላ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። የእኛ ልጆች ጠፈርን ሲማሩ ንድፉን ከወረቀት አንስተው ብረት እስኪሆን በእጃቸው የሚነኩበት ክፍል ማግኘታቸው ለአገር ትርጉም አለው።

በዚያው በኬፕ ታውን፣ ሙይዘንበርግ በሚባል የባሕር ዳርቻ ሰፈር፣ ኅብረቱ ያላቋቋመው ግን ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚያውቁት ሌላ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት አለ። የአፍሪካ የሂሳብ ሳይንስ ተቋም ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2003 የከፈቱት ደቡብ አፍሪካ የተወለዱት የፊዚክስ ሊቅ ኒል ቱሮክ ናቸው። ግቢ አልሠሩም፤ ሆቴል ነው የወሰዱት። አሮጌ የባሕር ዳር ሆቴል ታድሶ የእንግዳው ክፍል ዶርም፣ ሳሎኑ መማሪያ፣ ምግብ ቤቱ ደግሞ ምግብ ቤት ሆኖ ቀረ። ከውጭ የሚመጣው ፕሮፌሰር ለሦስት ሳምንት እዚያው ያድራል፤ ከተማሪው ጋር ቁርስ ይበላል፤ ማታም ከተማሪው ጋር ሰሌዳ ፊት ይቆማል። በክፍል ውስጥ ለመጠየቅ ያፈረ ተማሪ ሾርባ ሲቀዳ ይጠይቃል። ተቋሙ ከዚያ ወደ ሴኔጋል፣ ጋና፣ ካሜሩን፣ ታንዛንያና ሩዋንዳ ተስፋፍቷል፤ በሄደበት ሁሉ ይዞት የሄደው ይህን አብሮ የመኖር ሥርዓት ነው። ሂሳብ ውድ መሣሪያ አይፈልግም። የሚፈልገው ሰሌዳ፣ ጊዜና የሚያስረዳ ሰው ነው፤ ሦስቱንም አንድ ጣሪያ ሥር ማኖር ይቻላል።

ይህን ሁሉ ይዞ ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ ሰው የራሱን ከተማ በሌላ ዓይን ያያታል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራሱ በአንድ ከተማ ውስጥ የተበተነ ባለ ብዙ ግቢ ነው። በ1943 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅነት ተጀመረ። ታኅሣሥ 9 ቀን 1954 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ሲመረቅ፣ ንጉሠ ነገሥቱ መኖሪያቸውን ገነተ ልዑልን ሰጥተውት ነበር። እዚህ ላይ «ግቢ» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉሙ ይገጣጠማል፤ የንጉሥ ግቢ የተማሪ ግቢ ሆነ። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በዚያ ቤተ መንግሥት ገባ፤ የንጉሡ መኝታ ቤትና መታጠቢያ ዛሬም በሙዚየሙ ይጎበኛሉ። ልደታ ያለው የሕንፃ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ከስዊድን ጋር የተቋቋመ ነው። አምስት ኪሎ ቴክኖሎጂው፣ ጥቁር አንበሳ ሕክምናው፣ ሰንጋ ተራ ኮሜርስ፣ ከዚያም ያሬድ፣ አለ ፈለገ ሰላም፣ አቃቂ፣ ቢሾፍቱ እያለ ይቀጥላል። እያንዳንዱ ግቢ በሌላ ጊዜ፣ በሌላ ሰው፣ ለሌላ ዓላማ ነው የተሠራው። ለድኅረ ምረቃ ተብሎ ከመሠረቱ የተነደፈ ግን በመካከላቸው የለም፤ የድኅረ ምረቃ ትምህርት በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ሲጀመር ለመጀመሪያ ዲግሪ በተሠራው ቤት ውስጥ ተጠጋግቶ ገባ።

እንግዳ ተማሪም መጥቷል። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2016 በምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ ስምንት አገሮች 24 የልህቀት ማዕከላትን ሲያቋቁም አራቱ ለኢትዮጵያ ደረሱ። ሦስቱ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ናቸው፤ የውኃ አስተዳደር፣ የባቡር ምህንድስና እና የመድኃኒት ግኝት። አራተኛው ሐረማያ ሲሆን የአየር ንብረትን የሚቋቋም ግብርና ይማሩበታል። ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ተማሪ እንዲቀበሉ ታስበው ነው የተመሠረቱት። ስድስት ኪሎ ያለው የሰላምና የደኅንነት ጥናት ተቋምም እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የአህጉሩን መኮንንና ዲፕሎማት ያስተምራል፤ ባሕር ዳር ጣና ዳር የሚካሄደውን የጸጥታ ጉባኤም እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ሲያሰናዳ የቆየው እሱ ነው።

እንዲህ ያለው ተማሪ ከማላዊ ወይም ከኡጋንዳ ቦሌ ሲወርድ የሚጠብቀው ጥያቄ የየትኛውም ግቢ ጥያቄ ነው። የት ያድራል? ማን ያበስላል? ቤት ፈላጊ ከሆነ ደላላ ያገኘዋል፤ ቋንቋ የማያውቅ ሰው ደግሞ ዋጋ አያውቅም። ላፍቶና መካኒሳ የኅብረቱ ሠራተኞችና ዲፕሎማቶች ተከራይተው የሚኖሩባቸው ሰፈሮች ስለሆኑ ኪራዩ በዶላር ደመወዝ ይሰላል፤ የተማሪ አበል አይደርስበትም። አፍሪካን የምታስተናግድ ከተማ ለአፍሪካዊ ተማሪ የሚሆን ቤት ብታስብ ደስ ይላል። ብዙ አይጠይቅም። ቁልፍ ያለው ክፍል፣ የጋራ ወጥ ቤት፣ የማይጠፋ ዋይፋይና ሌሊት የሚከፈት ላይብረሪ ብዙውን ይፈታዋል።

ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ፓን አፍሪካን ዩኒቨርሲቲ በኢንተርኔት የሚያስተምር ክፍልም ከፍቷል። ግድግዳ የለውም። ሥራ ላይ ያለ፣ ልጅ የሚያሳድግ፣ ከቤቱ መራቅ የማይችል ሰው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ተቀምጦ መማር ይችላል። የሚያስፈልገው ግቢ ራሱ ቤቱ ነው፤ ልጆች ከተኙ በኋላ የሚጸዳ ጠረጴዛ፣ መብራት ሲሄድ የሚሠራ ስልክና ለኔትወርክ የሚሆን በረንዳ።

ወደ አምስቱ ግቢዎች የሚሄደው ግን ሻንጣ ያዘጋጃል። እናቶች መጀመሪያ የሚያስቡት በርበሬና ሽሮ ነው፤ ትክክል ናቸው። ጋቢው ለትሌምሴን ክረምት ያስፈልጋል፤ ለኢባዳን አያስፈልግም፤ እዚያ ቀጭን አንሶላ ይበቃል። ለኬፕ ታውን የዝናብ ጃኬት ግድ ነው፤ የዚያ አገር ብርድና ዝናብም የሚገናኙት በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ስለሆነ የላፍቶን ክረምት ለምዶ የሄደ ሰው ወሩን አይስተውም። የመጨረሻው ነገር ስፒና ነው። ጁጃና ኢባዳን ያለው ሶኬት የእንግሊዝ ነው፤ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ካልሆነ አይገባም። ኬፕ ታውን ሦስት ትልልቅ ድቡልቡል እግር ይጠይቃል። ያውንዴና ትሌምሴን የሚሄድ ተማሪ ግን ላፍቶ ግድግዳው ላይ የሰካውን የላፕቶፕ ቻርጀር ነቅሎ፣ እዚያ ደርሶ እንዳለ ይሰካዋል።